አረንጓዴው ዱቄት፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ መዋል ነው። እውነቱን ለመናገር አትክልት እምብዛም አልበላም። ከአራት ወር ወዲህ ድካም ድካም ይለኛል። ከምሳ በኋላ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ጠዋት አረንጓዴ የሱፐርፉድ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ትጠጣለች። ‹ሌላ ሰው አደረገኝ› ትላለች። ጣሳው ላይ 75 ንጥረ ነገሮች እንዳሉት ተጽፏል፤ አንዱ ማንኪያ 12 ግራም ነው። ዋጋው ግን ያስደነግጣል። መግዛቱ ያዋጣኛል? ጥሩ ከሆነ ለአባቴም ላካፍላቸው አስቤያለሁ። እሳቸው ለልባቸው ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ።»

መልስ፦ ከጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምር፤ ምክንያቱም እሱ ነገ ዛሬ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ለአባትዎ ዱቄቱን አይስጧቸው። የሚከታተላቸው ሐኪም ሳያውቅ አንዲት ማንኪያም ብትሆን ትቅር።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጉበታችን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ሲሠራ ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል። ዋርፋሪን የሚሠራው ይህን የቫይታሚን ኬ ሥራ በማደናቀፍ ነው። አረንጓዴ ቅጠል ደግሞ የቫይታሚን ኬ ዋና ምንጭ ነው። መቶ ግራም ጥሬ ስፒናች ወደ 480 ማይክሮግራም አለው፤ አንዲት ሴት በቀን 90፣ አንድ ወንድ ደግሞ 120 ማይክሮግራም ይበቃቸዋል። ቅጠሉ ደርቆ ሲፈጭ ቫይታሚን ኬው አብሮ ይታመቃል። የአባትዎ የመድኃኒት መጠን የተወሰነው በየጊዜው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ እየታየ፣ አሁን ከሚበሉት ምግብ ጋር ተመጣጥኖ ነው። ድንገት ዱቄቱን ሲጀምሩ መድኃኒቱ ይዳከማል፤ ደም ሊረጋ ይችላል። ሐኪሙ ይህን አይቶ መድኃኒቱን ከፍ ካደረገ በኋላ ዱቄቱ ቢያልቅባቸው ደግሞ በተቃራኒው መድማት ይመጣል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠል አይብላ ማለቴ አይደለም፤ ይብላ። ዋናው ነገር የሚበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት አለመዋዠቁ ነው። ምናልባት ከባልደረባዎ ጣሳ አስቀምሰዋቸው ከሆነና ከጀመሩ፣ ዝም ብለው አያስቁሟቸው። ወደ ክሊኒኩ ደውለው ይናገሩ፤ አይኤንአሩ ይታይ።

ሌላ ዓይነት ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አንባቢዎችም አሉ። አዳዲሶቹ፣ እነ አፒክሳባንና ሪቫሮክሳባን፣ ከቫይታሚን ኬ ጋር አይጣሉም። ግን እነዚህ ዱቄቶች ውስጥ ቅጠል ብቻ አይደለም ያለው፤ እነ ጊንኮን የመሰሉ ዕፆችም ይገባሉ። ስለዚህ እነሱም ቢሆኑ ይጠይቁ።

አሁን ወደ እርስዎ።

ማንኪያውን አብረን እንመዝነው። 12 ግራም ማለት 12,000 ሚሊ ግራም ነው። ለ75 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር 160 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን እንኳ 500 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል። እስቲ ያስቡት፤ የክኒን ሲሶ የምታህል ብሮኮሊ። ያውም ይህ በእኩል ቢከፋፈል ነው፤ በእኩል አይከፋፈልም። ሌብል ላይ ንጥረ ነገሮች የሚደረደሩት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ያለው ከላይ ይጻፋል። ከላይ ያሉት አራት አምስቱ፣ ብዙውን ጊዜ ስፒሩሊና (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ነው)፣ ሌሲቲን (ዱቄቱ በውሃ እንዲበጠበጥ የሚረዳ ቅባት)፣ የስንዴ ሣር፣ የገብስ ሣርና የመሳሰሉት፣ አብዛኛውን ማንኪያ ይይዙታል። ከዚያ ማጣፈጫው፣ ሲትሪክ አሲዱ፣ የተፈጥሮ ጣዕም የሚባለው አለ። ከታች በኩል ያሉት፣ ስማቸው የሚያምረው እንጉዳዮችና የቤሪ ዓይነቶች፣ የሚደርሳቸው እንደ ጨው ብናኝ ነው። አንባቢን የሚማርከው የነሱ ስም ነው፤ ጣሳውን የሚሞላው ግን ሣሩ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው መጠን ለምን አይጻፍም? እዚህ ላይ ‹ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ› የሚሉት ነገር ይመጣል። ትርጉሙ ‹የድርጅታችን ምስጢራዊ ቅልቅል› እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ በ1994 የወጣው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሰፕልመንት፣ ማለትም የተጨማሪ ምግብ፣ ሕግ አምራቹ የቅልቅሉን ጠቅላላ ክብደት ብቻ እንዲጽፍ ይፈቅድለታል። የእያንዳንዱን መጠን መናገር አይገደድም። በዚያው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይሠራል አይሠራም ብሎ የሚያጸድቅ አካል የለም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ እጁን የሚያስገባው በአብዛኛው ችግር ከታየ በኋላ ነው። ጥሩ አምራቾች የሉም ማለት አይደለም፤ አሉ። እኔ ግን በምሥጢር ቅልቅል የተሞላ ሌብል ሳይ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ምን ያህል እንደሰጠኝ የማይነግረኝን ነገር ይሠራል ወይ ብዬ ለማሰብ እንኳ መነሻ የለኝም።

ፍትሐዊ እንሁን ግን። ዱቄቱ ባዶ ነው ብዬ ብነግርዎ እዋሻለሁ። ስፒናች 91 በመቶው ውሃ ነው። 12ቱም ግራም ንጹሕ የደረቀ ስፒናች ቢሆን ኖሮ ወደ 130 ግራም ከሚጠጋ ጥሬ ቅጠል የመጣ ነው ማለት ነበር። ይህ ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን እንድንበላ ከሚመክረው 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ሲሶ ነው። ችግሩ 12ቱም ግራም ቅጠል አለመሆኑ ነው። በሌሲቲኑ፣ በማጣፈጫው፣ በቫይታሚኑ፣ በኢንዛይሙና ለአንጀት ይጠቅማል ተብሎ በሚጨመረው ባክቴሪያ ተቀንሶ የሚቀረው ግማሽ ከሆነ እንኳ ጥሩ ነው።

አትክልት የምንበላበት ትልቁ ምክንያት ደግሞ ጣሳው ውስጥ የለም። ፋይበር ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ያስፈልገዋል። የነዚህን ዱቄቶች ሌብል ገልብጠው ይዩት፤ በአንድ ማንኪያ 1 ወይም 2 ግራም ነው፣ አንዳንዱ ከዚያም በታች። አንድ ሳህን ምስር ብቻውን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሰጥዎታል። ፋይበር ሆድ የሚያላቅቅ ነገር ብቻ አይደለም። የአንጀት ባክቴሪያዎች ምግብ ነው። ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ኮሌስትሮልን ይቀንሳል። ሆድንም ይይዛል። ሙሉ ካሮት ማኘክና የተፈጨ ካሮት መጠጣት ለሆድ አንድ አይደለም። የታኘከው ሰሃን ላይ የነበረ የሌላ ነገርን ቦታ ይወስዳል፤ የተጠጣው በምንም ነገር ቦታ አይገባም። ይሄ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አትክልት ከሚጠቅመን ነገር ግማሹ እሱን ስንበላ የማንበላው ነገር ነው።

‹ታዲያ ያ ሁሉ ፐርሰንት ከየት መጣ?› ይሉኝ ይሆናል። ቫይታሚን ሲ 400 በመቶ፣ ቢ12 ከዚያ በላይ፣ ዚንክ፣ ባዮቲን… አንድ ሙያዊ ሚስጥር ልንገርዎ። ሌብሉ ላይ ቢ12 በርከት ብሎ ካዩ ከሣሩ የመጣ እንዳልሆነ ይወቁ። ዕፅዋት ቢ12 የላቸውም። ስፒሩሊና አለው ይባላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው እውነተኛውን የሚመስል፣ በሰው ሰውነት ውስጥ የማይሠራ ዓይነት ነው። ከጎኑ ‹ሜቲልኮባላሚን› ወይም ‹ሳያኖኮባላሚን› ተብሎ ከተጻፈ ፋብሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ቫይታሚን ነው። ‹አስኮርቢክ አሲድ› የሚለውም እንደዚያው። እነዚህ መጥፎ ነገሮች አይደሉም፤ እንደማንኛውም ቫይታሚን ይሠራሉ። ግን ትልልቆቹን ቁጥሮች የሰጠው አረንጓዴው ነገር አይደለም። የጨመሩበት መልቲቫይታሚን ነው። እና ያው መልቲቫይታሚን በክኒን መልክ ብቻውን ሲሸጥ ዋጋው ከዚህ ጋር አይወዳደርም። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ መልቲቫይታሚን እየገዙ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ስለ ጣዕሙ አልጠየቁኝም፤ ግን ልንገርዎ። እኔም ለሙያው ስል አንድ ጣሳ ጨርሻለሁ። የታጨደ ሣር ላይ አናናስ ቢጨመቅበት ያንን ይመስላል። በሦስተኛው ሳምንት ጥርሴን ሳልቦርሽ አልወጣም ነበር፤ ምላሴ አረንጓዴ ይሆናል።

የዚህ ንግድ ታሪክም ደስ ይላል። የሚጀምረው ከዶሮ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ሽናበል የሚባል የካንሳስ የግብርና ኬሚስት የታመሙ ዶሮዎቹን ለጋ የእህል ሣር አበላቸው። አገገሙ፤ እንቁላል መጣላቸውም ጨመረ። እሱም ሣሩን አድርቆ ፈጭቶ ለቤተሰቡ ማብላት ጀመረ። ከዚያ ለገበያ በቃ። በዚያን ዘመን የዶሮ መኖ በቫይታሚን ደካማ ስለነበር ሣር ለውጥ ማምጣቱ አያስደንቅም። የጎደላት ዶሮ የጎደላትን አገኘች። እርስዎንም የምጠይቅዎ ይህንኑ ነው፤ ምን ጎድሎብዎታል?

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ጥናቶቹ በአጭሩ። በነዚህ ቅልቅል ዱቄቶች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ጥቂት ናቸው። ተሳታፊዎቻቸው አነስተኛ፣ ጊዜያቸው ሳምንታት ነው። ብዙዎቹን የከፈለላቸው ሻጩ ራሱ ነው። ሲሠሩም የሚለኩት አብዛኛውን ጊዜ በደም ውስጥ የቫይታሚን መጠን ከፍ ማለቱን ነው። ቫይታሚን የወሰደ ሰው ደሙ ውስጥ ቫይታሚን መገኘቱ ዜና አይደለም። ለነጠላ ንጥረ ነገሮች የተሻለ መረጃ አለ። ስፒሩሊና በቀን ጥቂት ግራም ሲወሰድ የደም ቅባትን በመጠኑ ያሻሽላል። የቀይ ሥር ጭማቂም ናይትሬት ስላለው የደም ግፊትን በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን ጥናቶቹ ላይ የሚሰጠው የቀይ ሥር መጠን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ናይትሬት ያለበት ነው። ማንኪያዎ ውስጥ ያለው ቀይ ሥር ግን ውሃውን ሮዝ ለማድረግ እንኳ የሚበቃ አይደለም። ለአንዱ ንጥረ ነገር የተገኘውን ውጤት ወስዶ፣ የዚያን ብናኝ ጣሳ ውስጥ ጨምሮ፣ ‹በሳይንስ የተረጋገጠ› ማለት የዚህ ገበያ የታወቀ ዘዴ ነው።

‹አንቲኦክሲዳንት› የሚለውንም ቃል በጥርጣሬ ይዩት። ድሮ ምግቦች ኦራክ በሚባል መለኪያ በአንቲኦክሲዳንት አቅማቸው ይደረደሩ ነበር፤ ሻጮችም በቁጥሩ ይፎካከሩ ነበር። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ2012 ያንን ሰንጠረዥ ከድረ ገጹ አነሳው። በመስታወት ዕቃ ውስጥ የሚለካው ቁጥር ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አያሳይምና። ከዚያ በፊት ደግሞ መራራ ትምህርት ነበር። በፊንላንድ ከ29 ሺህ በላይ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ቤታ ካሮቲን ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። በአሜሪካ የተሠራው ተመሳሳይ ጥናት በ1996 ከጊዜው ቀድሞ ተቋረጠ። በካሮት የበለጸገ ምግብ የሚበሉ ሰዎች ጤናማ ስለሆኑ የካሮቱን አንድ ንጥረ ነገር ነጥሎ መስጠት ያው ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታየ። የእርስዎ ዱቄት መጠኑ እንደዚያ ጥናት ከፍ ያለ ላይሆን ይችላል። የሚያጨስ ሰው ግን ቤታ ካሮቲን የሚለውን ቁጥር አይቶ ይግዛ።

‹ዲቶክስ› እና ‹ደምን አልካላይን ያደርጋል› የሚሉትን ቶሎ እንለፋቸው። መርዝ የሚያስወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የደም ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ በሳንባና በኩላሊት ተጠብቆ ይኖራል። በሣር ጭማቂ የሚነቃነቅ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነበርን። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል፣ ደምን ቀይ የሚያደርገውን የሄሞግሎቢንን መዋቅር መምሰሉ እውነት ነው፤ መሐሉ ላይ በብረት ፋንታ ማግኒዥየም አለው። ይህ ግን ሲጠጡት ደም ይሆናል ማለት አይደለም።

ባልደረባዎ ታዲያ ትዋሻለች? በፍጹም። ‹ሌላ ሰው አደረገኝ› ስትል እንደዚያ ተሰምቷት ነው። ግን ያ ስሜት ከብዙ አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል። ጠዋት ተነስታ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ መጠጣት ጀምራለች፤ ምናልባት ከዚያ በፊት እስከ ምሳ ምንም አትቀምስም ነበር። ብዙዎቹ ቅልቅሎች የአረንጓዴ ሻይ ወይም የማቻ ዱቄት አላቸው፤ ካፌይን ማለት ነው። ቢ12 ወይም ፎሌት ጎድሎባት ከነበረም የተጨመረው ቫይታሚን በትክክል ረድቷታል። ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የሚጀምረው በጣም ሲብስበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ባይጠጣውም የተሻለ ሊሆን ይችል ነበር። አንድ ልማድ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላም ይጀምራል። ቀድሞ ይተኛል፣ በእግሩ ይሄዳል። ምስጋናውን ግን የሚወስደው ጣሳው ነው።

እሺ፣ ድካምዎ። ደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

አራት ወር የቆየ ድካም በዱቄት የሚሸፈን ነገር አይደለም፤ ምክንያቱ የሚፈለግ ነገር ነው። በእርስዎ ዕድሜ ያለች፣ ሁለት ልጆች የወለደች፣ የወር አበባ የምታይ ሴት ‹ደከመኝ› ስትለኝ መጀመሪያ የማስበው ብረት ማዕድንን ነው። ሴቶች እስከ 50 ዓመታቸው በቀን 18 ሚሊ ግራም ያስፈልጋቸዋል፤ ለወንዶች 8 ይበቃል። ደም ማነስ ሳይመጣም የብረት ክምችት ብቻ ወርዶ ሰውን ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ ሄሞግሎቢን ብቻ ታይቶ ‹ደህና ነሽ› ቢባሉ አይመለሱ። ፌሪቲን የሚባለውን የክምችት ምርመራ ይጠይቁ። ከሱ ጋር የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ፣ ቢ12 እና የደም ስኳር ይታዩ። የእርግዝና ዕድል ካለም እሱም ይታይ። የወር አበባዎ ይበዛ እንደሆነ፣ በሌሊት ያንኮራፉ እንደሆነ፣ ልጆቹ ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅሱዎት፣ ከድካሙ ጋር ሐዘን ወይም ነገሮችን ሁሉ መጥላት አብሮ መጥቶ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት። እነዚህን ሰው ካልተጠየቀ አይናገርም።

ብረት ጎድሎ ከተገኘ ዱቄቱ አያድንዎትም። ያለው ብረት ጥቂት ነው፤ ከዕፅዋት የመጣ ስለሆነ ሰውነት በቀላሉ አይቀበለውም፤ ያው ጣሳ ውስጥ ያለው የአረንጓዴ ሻይ ታኒንና ካልሲየም ደግሞ መግባቱን ይከለክሉታል። ሐኪም የሚያዘው የብረት ክኒን ሌላ ነገር ነው። ከዱቄቱ ጉዳት ሁሉ በጣም የምፈራው ይህን ነው። ‹እየጠጣሁ ነው እኮ፣ እስቲ ትንሽ ልየው› እየተባለ ስድስት ወር ያልፋል።

ባልደረባዎ ቀድማ አስቀምሳዎት ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚጨመረው ባዮቲን መጠኑ ከፍ ሲል አንዳንድ የላብራቶሪ ምርመራዎችን ያሳስታል። የታይሮይድ ምርመራም ከነዚህ አንዱ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ደም ከመስጠትዎ በፊት የሚወስዱትን ሁሉ ይናገሩ።

ሌላው ንጽሕናው ነው። ተክል ከአፈር የሚስበው ጥሩ ጥሩውን ብቻ አይደለም። እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሰኒክም ይስባል። ሲደርቅና ሲታመቅ እነሱም አብረው ይታመቃሉ። አንድ ጊዜ ቢጠጡት ምንም አይደለም፤ ግን ይህ በየቀኑ ለዓመታት እንዲወሰድ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ነው። አልጌዎቹ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከሐይቅ የሚለቀም ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ጉበት የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ከሚያመነጩ ዘመዶቹ ጋር ተቀላቅሎ ሊሰበሰብ ይችላል። የኦሪገን ግዛት ከክላማት ሐይቅ በሚለቀመው አልጌ ምክንያት በ1997 በአንድ ግራም ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። በ2016 ደግሞ እዚያው አሜሪካ በተከሰተ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ምንጩ ሲፈለግ የተገኘው በመጠጥ ዱቄት ውስጥ የገባ የሞሪንጋ ቅጠል ነበር። በነገራችን ላይ ‹ኦርጋኒክ› የሚለው ጽሑፍ ከዚህ ሁሉ አይጠብቅም። የሚናገረው ስለ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ስላለው እርሳስ አይደለም።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለመፀነስ እያሰቡ ከሆነ አልመክርም። የኩላሊት ጠጠር የነበረበት ሰው ከስፒናችና ከቀይ ሥር ቅጠል ከሚመጣው ኦክሳሌት፣ ጠጠር ከሚሠራው ንጥረ ነገር፣ ይጠንቀቅ፤ በአረንጓዴ ጭማቂ ብዛት ኩላሊታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየሙ ያሳስበዋል። የታይሮይድ ሕመም ያለበት ደግሞ የባሕር አረም ካለበት ከአዮዲኑ። የአረንጓዴ ሻይ ኤክስትራክትም በጣም ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 ኢጂሲጂ የሚባለው ንጥረ ነገር በሰፕልመንት መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት መጎዳት ምልክቶች እንደሚታዩ አሳውቋል። ንቅለ ተከላ ተደርጎለት የበሽታ መከላከያ ማፈኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አጠገቡም አይድረስ።

እንግዲህ ፊት ለፊት ልመልስ። ለእርስዎ፣ ዛሬ፣ አያዋጣም። ገንዘቡ ምርመራው ላይና ሰሃንዎ ላይ ቢውል ይሻላል።

ሰሃኑን ስል ሕይወትዎን ይቀይሩ እያልኩ አይደለም። ሁለት ልጅና ሙሉ ቀን ሥራ ያላት ሰው በየቀኑ አምስት ዓይነት አትክልት ትክተፍ ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ቀዝቅዞ የታሸገ አትክልት ይግዙ። የሚቀዘቅዘው ከታጨደ ብዙም ሳይቆይ ስለሆነ ንጥረ ነገሩ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ከቆየው ትኩስ አትክልት አያንስም፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ታጥቦ ተከትፎ የመጣ ነው። ከምሳዎ ላይ ሁለት እፍኝ ይጨምሩበት። ትንሽ ዘይት ይንካው፤ ቫይታሚን ኬም፣ እነ ቤታ ካሮቲን ያሉበት ካሮቲኖይድም ያለ ቅባት በደንብ አይገቡም። በነገራችን ላይ ዱቄቱን በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ የሚጠጡ ሰዎች በዚህም በኩል ይከስራሉ። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይብሉ። ለመጀመሪያው ወር ይሄ ይበቃል።

ከማንም ጋር ተጣልቼ ዱቄት አላስጥልም። አፉ ላይ ቁስል ኖሮት ማኘክ ያልቻለ፣ ለሥራ ወራት ትኩስ ምግብ በማይገኝበት ቦታ የሚከርም፣ ወይም ገንዘቡ የማይከብደውና ጠዋት ላይ እሱን መጠጣት ደስ የሚለው ሰው ቢወስደው አልከራከርም። ከምርመራው በኋላ እርስዎም ‹ልሞክረው› ካሉ፣ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን የሚጽፍ፣ እንደ ኤንኤስኤፍ ወይም ዩኤስፒ ያለ ገለልተኛ አካል የመረመረው ይሁን። ማኅተሙ የሚነግርዎ ጣሳው ውስጥ ያለው ነገር ከሌብሉ ጋር መስማማቱንና ብክለቱ ከገደብ አለማለፉን ነው። ይሠራል ማለቱ አይደለም። ለአምራቹ ጽፈው የእርሳስ ምርመራ ውጤት ይጠይቁ፤ በመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶች የአሜሪካው አስተዳደር ከምግብ ሁሉ ተደምሮ እንዳይበልጥ የሚጠቀምበት መነሻ በቀን 8.8 ማይክሮግራም ነው። መልስ የማይሰጥ አምራች መልሱን ሰጥቷል። በግማሽ ማንኪያ ይጀምሩ፤ ኢኑሊን የሚባል የፋይበር ዓይነት ያለባቸው ሆድ ይነፋሉ። ሌላ ምንም ነገር ሳይቀይሩ አራት ሳምንት ይጠጡ፤ አራት ሳምንት ያቁሙ። በየማታው ድካምዎን ከ10 ቁጥር ሰጥተው ይጻፉ። ልዩነት ከሌለ ጣሳውን ለማንም አያውርሱ።

ምርመራው እስኪደርስ የጣሳውን ጀርባ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ፤ ለሐኪሙ ማሳየት ከማስረዳት ይቀላል። የፌሪቲን ውጤት ሲደርስዎ ‹ኖርማል› የሚለውን ብቻ አይጻፉልኝ፤ ቁጥሩን ከነመለኪያው ይላኩልኝ። ኖርማል ተብሎ የሚመለስ ግን ለደከማት ሴት ዝቅ ያለ ቁጥር ብዙ አይቻለሁ።